አርባ አንደኛው ፊርማ

ቀዩ ችካል የቆመው አዲስ የተቆፈረው የመሠረት ቦይ መሀል ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ከአንገታቸው የማይለየውን የጨርቅ ሜትር አውርደው፣ ጫፉን ለባለቤታቸው አስይዘው፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይለካሉ። የፍሳሽ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የማሳለፊያ ፈቃዱን ቅጽ በክንዷ ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ቅጹ፣ ሦስት ሜትር ስፋት ለቱቦ፣ ከላዩ ግንባታ የማይፈቀድበት፣ ይላል። ሰው በገዛ እጁ እስኪለካው ድረስ ሦስት ሜትር ምን ያህል እንደሆነ እንደማይገባው ከአርባ ግቢ ተምራለች።

"ሁለት ሜትር ይተርፈናል" አሉ ልብስ ሰፊው ሜትሩን እየጠቀለሉ። "ሁለት ሜትር ኮት ይወጣዋል። ቤት ግን አይወጣውም።"

ቦዩ የተቆፈረው ለሴት ልጃቸው ክፍል ነው። ትዳሯ ፈርሶ ሁለት ልጆች ይዛ ከተመለሰች አራት ወሯ ነው፤ እስካሁን ሦስቱም የሚተኙት የስፌት መኪናው ባለበት ክፍል፣ ጠረጴዛው ሥር በሚነጠፍ ፍራሽ ላይ ነው። አሁን ቦዩ ውስጥ ዶማዋን ተደግፋ ቆማ ትሰማለች።

"ትንሽ ወደ ጎረቤት ፈቀቅ ቢልስ?" አለች።

ሠራተኛዋ ይህንኑ ትናንት መሐንዲሱን ጠይቃው ነበር። "ፍሳሽ አማላጅ አይሰማም፤ የሚያውቀው ቁልቁለት ብቻ ነው" ብሎ ወደ ካርታው ተመለሰ።

"ጠይቄ ነበር" አለች። "አይሆንም ተባልኩ።"

"ለአገር ምድሩ ቆሻሻ ቦታ ተገኘ" አለች ልጅቷ። "ለእኔ ጠፋ።"

"ተይ እንግዲህ" አሏት እናቷ። "እሷ ምን ታድርግ? ተልካ ነው።" ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ። "ቁጭ በይ ልጄ። ሌላው ቢቀር ከእንግዲህ ሽንት ቤት ማስመጠጥ ቀረልን። ያ መኪና በመጣ ቁጥር ሰፈሩ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያማን።"

ልብስ ሰፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱስ እውነት ነው። ከመጣ አይቀር እኛም እንገላገልበት። እስኪ እስክሪብቶ አምጪ።"

ሠራተኛዋን ሥራ ስትጀምር አለቃዋ አንድ ነገር አስተምሯታል፦ ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ። በአርባዎቹ ግቢዎች ምክሩን አልሳተችም። ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ አርባ አንዱም ከፈረሙ ይታደስልሻል ተብላለች። ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አድርገው የሚፈርሙበትን ቦታ በጥፍራቸው ፈለጉ፤ አገኙት።

መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

"አባባ፣ ቱቦው ለእናንተ አይቀጠልም።"

"እንዴት አይቀጠልም? በግቢያችን እያለፈ?"

"ሽንት ቤታችሁ ከቱቦው ዝቅ ያለ ነው። ፍሳሽ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም። የላይኛው ሰፈር ነው የሚጠቀምበት።"

ልጅቷ ዶማዋን ለቀቀችው።

"ባልፈርምስ?" አሉ ልብስ ሰፊው።

"ያልፋል። በጽሕፈት ቤቱ ቦርድ ይወሰናል።"

"ብፈርምስ?"

"ያልፋል።"

"ታዲያ ከእኔ ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ፈቃድዎን።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጉሮሯቸው አላለፈም። እስክሪብቶውን ከድነው መለሱላት።

"ያለ ፈቃዴም የሚያልፍ ከሆነ፣ ፈቃዴ እዚሁ እኔ ጋ ይቆይ።"

ከበሩ ወጥታ ለአለቃዋ ደወለች።

"ቤት የሉም ብለሽ ጻፊ" አላት። "ያልተገኘ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። አርባ አንድ ሞላልሽ ማለት ነው።"

"አሉ እኮ። አሁን አነጋግሬያቸው ወጣሁ።"

"አንቺ ልጅ፣ ቱቦው እንደሆነ ያልፋል። ራስሽን አብረሽ ምን ያስቀብርሻል?"

እውነቱን ነው። ቆፋሪው ማሽን ከሁለት ግቢ ወዲያ ቆሞ ሰኞን ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ጥላው ሥር ጋደም ብሏል። ስልኩን ዘጋች። ከኋላዋ የዶማ ድምፅ እንደገና ተሰማ። በተከፈተው በር ዞራ አየች፦ ልጅቷ ችካሉን አልነቀለችውም፤ ዙሪያውን ትቆፍራለች። ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ አፈሩን በአካፋ ያወጣሉ።

ሠራተኛዋ ቅጹን አጥሩ ላይ አስደግፋ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሷ ነቀለች። ለማስታወሻ የተተወው መስመር ጠባብ ስለሆነ ፊደሏን አሳንሳ ጻፈች፦

"አሉ። አልፈቀዱም።"