የትንሿ የምሳ ጸሎት

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ሲቀርብ የሚጸልየው ሁልጊዜ አባት ነው። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ከደንበኞቹ ጋር ሲያወጋ ይውላል፤ ጸሎቱም እንደ ወጉ ረጅም ነው። "ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አሜን አይልም" እያለች ሚስቱ ትቀልድበታለች። የዚያን ዕለት ግን ጉንፋን ጉሮሮውን ዘግቶት ነበር።

"ዛሬ አንቺ ጸልዪልን፣ የኔ እመቤት" አላት ልጁን።

ሚጢጢ ናት ልጅቷ፤ ቤት ውስጥም ሰፈር ውስጥም የሚጠሯት እንዲሁ ነው። ወንበሯ ላይ ቆማ ዓይኗን ጭፍን አደረገች።

"ጌታ ሆይ፣ ስለ ምግቡ እናመሰግንሃለን። የአባዬን ጉሮሮ አድንለት። እማዬ የሰፋችውን ቀሚስ ሴትየዋ ትውደደው። የአያቴንም እግር አድንለት፤ ቆሞ ሲውል ያብጥበታል። አሜን።"

"አሜን" ብሎ አባት ጭልፋውን አነሳ። እጁ አየር ላይ ቀረ። "የትኛው አያትሽ?"

የእሱ አባት ሚጢጢ ሳትወለድ አርፈዋል። የሚስቱም አባት እንዲሁ። ገና ሲተዋወቁ "አባቴ ሞቷል" ብላዋለች፤ በሰርጋቸው ዕለትም በአባቷ ቦታ ቆመው የዳሯት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው።

"የእማዬ አባት ነዋ! ትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለው ሕንፃ ጥበቃ። ቤተ ክርስቲያንም ይመጣል፤ ከኋላ ነው የሚቀመጠው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ራሱ። ለእማዬ አትንገሪ አለኝ።"

"ታዲያ ለምን ተናገርሽ?"

"ለእግዚአብሔር አትንገሪ አላለኝማ!"

አባት 'የልጅ ነገር' ሊል ወደ ሚስቱ ዞረ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው?" አለች በቀጭን ድምፅ።

"አዎ፣ እዚህ ጋ" አለች ሚጢጢ፣ ከቅንድቧ በላይ በጣቷ እያሳየች።

አባት ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ልጅቷን ጎረቤት ሄዳ እንድትጫወት ላካትና በሩን ዘጋ።

"በሕይወት አለ ማለት ነው?"

"መኖሩንም መሞቱንም አላውቅም ነበር።"

"ሞቷል ብለሽኝ!"

"እናቴን በቀበርን ሳምንት ሰክሮ ገብቶ ልብሴን ደጅ ወረወረው። 'አንቺን ባየሁ ቁጥር እሷ ትታየኛለች፤ ውጪልኝ' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ሞቷል እላለሁ። መጀመሪያ ለማላውቀው ሰው፣ ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያን፣ በኋላ ላንተ። ስደጋግመው እኔም አመንኩት።"

ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን 'አትዋሹ' እያለች የምታስተምረው ይህችው ሴት ናት። ጎኑ የምትተኛውን ሴት ዛሬ ገና ያያት ያህል ሆነበት። ሊጮህ ፈለገ፤ ድምፅ የለም። ወሬ አልቆበት የማያውቀው ሰውዬ ያገኘው ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

"ለኔ እንኳ?"

"ላንተማ በተለይ። እንዲህ ያለ አባት ያላትን ማን ያገባል ብዬ ነዋ!"

ሾርባውን የነካው የለም።

በማግሥቱ አብረው ሄዱ። አዛውንቱን ከሕንፃው በር አጠገብ ቆሞ አገኙት። ሲያያት ቆቡን አወለቀ። መንገዱን ሙሉ የሰደረችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

"እርስዎን ሞተዋል ብያለሁ" አለችው፣ የገዛ አባቷን እንደ ባዳ አንቱ ብላ። "ለሰው ሁሉ።"

"ሰምቻለሁ" አለ። "ሥራ ፍለጋ መጥቼ አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ብገባ አየሁሽ። አጠገቤ ያለችውን ሴት ማን ናት ብላት፣ 'ልብስ ሰፊ ናት፤ አባት እናቷ የሞቱባት ምስኪን' አለችኝ። የራሴን መርዶ በራሴ ጆሮ ሰማሁ። አልፈረድኩብሽም። መጠጡን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ይቅር በይኝ ልልሽ ስነሳ ግን እግሬ ወደ በሩ ይወስደኛል።"

አላቀፈችውም። ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ፤ ከማበጡ የተነሳ የጫማው ክር አልታሰረም።

"ይቀመጡ" አለችው። ተቀመጠ። እሷ ቆማ ቀረች። "እሁድ ከኋላ አይቀመጡ። ከኛ ጋር ይሁኑ። ሌላውን ገና አላውቅም" አለች።

አዛውንቱ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባልየው ከድንጋጤው አልወጣም ነበር። "ሌላስ?" አላት። "በቁሙ የቀበርሽው ዘመድ አለ?"

"አንዲት አክስት ነበረችኝ።"

ቀጥ ብሎ ቆመ። "እሷስ?"

"እሷ እንኳ የምሯን ነው የሞተችው።"

መሳቅ አልፈለገም፤ ሳቁ ግን ቀደመው። እሷም ልትስቅ ጀምራ መሀል መንገድ ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ንዴቱ አልበረደለትም፤ ቢሆንም ክንዷን ያዛት።

"በሰርጋችን ለዳሩሽ ሽማግሌ አንቺው ነሽ የምትነግሪያቸው" አላት።

"እኔው ነኝ" አለች።