ኮሎኒያል ምሽት በፌርፋክስ

ጋሽ ወንድይፍራው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀባ፣ ሁለት ጊዜ ወንበር ለወጠ፤ አንዲት ንግግሩን ግን አልለወጠም፦ «እኛ እኮ አልተገዛንም።» ለፈረንጅ ደንበኛ ይላታል፣ ኡበር ለሚነዳ ሐበሻ ይላታል፣ አብዝቶ ደግሞ ሳህን ለሚያጥበው ኬንያዊ ለካማው ይላታል። ካማው ማጠቡን ይቀጥላል። ወጥ ሠሪዋ እሌኒ አብራ ትስቅ ነበር። ዛሬ ያ ሳቋ ትዝ ሲላት ራሷን ትጸየፋለች።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ጋሽ ወንድይፍራው ከፓሳዴና አንዲት ዲዛይነር አመጣ። ሴትዮዋ ቤቱን ዞራ አየችና «ኮሎኒያል» ብላ ፈረደች። በእሷ ሰፈር ኮሎኒያል ማለት ነጭ ዓምድ ያለው ቤት ነው፣ የሚያምር የሻይ ስኒ ነው፤ ገዢና ተገዢ የሚባል ነገር የለበትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሸንበቆ ወንበር ገባ፣ ጣሪያው ላይ ቀስ እያለ የሚዞር ማራገቢያ ተሰቀለ፣ ግድግዳው ላይም አንድ ትልቅ ፎቶ፦ የቡሽ ባርኔጣ የደፋ ነጭ ወንበር ላይ ተንፈላስሶ፣ ከኋላው ጥቁሮች ሸክም ተሸክመው። ካማው እነዚህ ተሸካሚዎች እነማን ናቸው ብሎ ዲዛይነሯን ጠየቃት። ስታይል ነው አለችው።

ከዚያ ልብሱ መጣ። ለአስተናጋጅ ሁሉ ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ቀይ መቀነት፣ ነጭ ጓንት። ካማውም ለብሶ በር እንዲከፍት ታዘዘ። መቀነቱን በእጁ እንደያዘ፣ አያቱ ይህንኑ ለብሶ በአንድ እንግሊዝ ቤት እንዳገለገለ፣ ስድሳ ዓመት እስኪሞላውም «ቦይ»፣ አንተ ልጅ፣ እየተባለ እንደተጠራ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። መቀነቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ሃውቶርን ወዳለው ቤቱ ሄደ፤ አልተመለሰም።

«የእነሱ ቁስል ገና ነው» አለ ጋሽ ወንድይፍራው እየሳቀ። «እኛን ምን ይነካናል? ያልተገዛ ሰው ለብሶት ቢጫወት ምን አለበት?»

እሌኒ እንደ ልማዷ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ እምቢ አላት። ቢሆንም ለበሰችው። ልጇ ገሊላ አዲስ አበባ ናት፤ የቪዛ ቀጠሮዋ ወር ቀርቶታል፤ ኤምባሲው የእናትየዋን የሥራ ደብዳቤ ይፈልጋል። ስድስት ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ የተያዩት በስልክ ነው፤ የገሊላ የወተት ጥርሶች የወለቁት በስልክ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ደብዳቤውን ከታደሰው ቤት የምረቃ እራት በኋላ እፈርማለሁ ብሏል። ለልጅ ሲባል የማይለበስ ምን አለ?

የምረቃው ቀን አዲሱን ሜኑ አየችው። «ኮሎኒያል ምሽት፣ ከአስተናጋጅዋ እጅ ጉርሻ ጋር» ይላል። ደሟ ፈላ። ጉርሻ እናት ለልጇ የምትሰጠው ነው፣ ጠገብኩ ላለ ወዳጅ በግድ የሚሰጥ ነው፤ የሚያጎርስህ ሰው እጁ ያንተው ገበታ ላይ ያለ ሰው ነው። ይሄ ግን ቆሞ ለተቀመጠ፣ ያውም በጓንት። በጓንት ያጎረሰ ሐበሻ ማን ነው?

ጉርሻውን ያዘዘው ፈረንጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ስሟን ጠየቃት፣ አመሰገናት፣ ከዚያ እጆቹን አጣጥፎ ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ አፉን ከፈተ። ሚስቱ ስልኳን ደቀነች። የግድግዳው ፎቶ አብሮ እንዲገባ ትንሽ ዝቅ እንድትል እሌኒን ለመነቻት። እሌኒ ዝቅ አለች። ጠቀለለች፣ አጎረሰች። ወጡ ጓንቱን አልፎ ጣቷ ድረስ ዘለቀ፤ የሰውየው ምራቅ በጨርቁ በኩል አረጠባት።

ሚስትየው አጨበጨበች። ጋሽ ወንድይፍራው ከኋላ መጥቶ በአማርኛ፣ «ድገሚላቸው እንጂ እሌኒ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አላት።

እውነቱን ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። አንዱ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያስታርቃል፤ ከወላጆቹ ጋር የበላ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአንድ አጉርሶ እጁን የሚሰበስብ የለም። እሌኒ ጓንቱን አወለቀች። ቀዩን መቀነት ፈታች። ሁለቱንም የሰውየው ሳህን አጠገብ አስቀመጠች።

ጋሽ ወንድይፍራው ፈገግታውን ሳያጠፋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ደብዳቤው እኮ ገና አልተፈረመም።»

ገሊላ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት። የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ልጇን እዚህ አምጥታ፣ እጇን ይዛ፣ እናትሽ የምትሠራው እዚህ ነው ስትላት ታያት።

«ያጣላን፣ ጋሼ» አለችው።

ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ፣ ሰውየው እያላመጠ ምን እንዳለች ሲጠይቅ ሰማች። ጋሽ ወንድይፍራውም ጎንበስ ብሎ፣ ደክሟት ነው፣ ይቅርታ ትጠይቃለች ብሎ በእንግሊዝኛ ተረጎመለት።

እሌኒ ከበሩ ተመለሰች። እንግሊዝኛዋ አያኮራም፤ ቢሆንም ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ይቅርታ አልጠየቅኩም» አለችው በራሱ ቋንቋ። ከዚያ ወጣች።