ለበድሉ መደበቂያ ስንመርጥ

ዘንድሮ ሁሉም ነገር አድክሞኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ስወጣ የማርፍ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሰው ማኩረፍም ያደክማል። በድሉን ካኮረፍኩት አምስት ወር አልፎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር በእነዚያ አምስት ወራት አንድም ቀን አላረፍኩም።

በድሉ ካናዳ፣ ካልጋሪ ሲገባ ፓይንሪጅ ሰፈር ባለው ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ስምንት ወር ኖሯል። መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በእኔ መኪና ተለማምዶ ነው። ሚያዝያ ላይ ወንድሜ አርፎ፣ ከለቅሶው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርች ስሄድ፣ አምልኮው አብቅቶ ሻይ ወደሚጠጣበት አዳራሽ ገባሁ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሕፃን ያቀፈች ሴት እንኳን ተነሳችልኝ። በድሉ ብቻ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ አድማሱ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። እሱ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ እኔ ስልሳ ሰባት። ያን ዕለት ተናደድኩ ማለት አይገልጸውም፤ ተዋረድኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አንስቼለት አላውቅም።

መስከረም እንደገባ ባለቤቴ ብርቅነሽ ማዕድ ቤት ቆማ «በድሉ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ዝይ አደን ይዘኸው እንድትሄድ ይፈልጋል። የጠመንጃውን ኮርስ ሐምሌ ላይ ወስዶ ላይሰንሱን አውጥቷል። ብላይንድ ምረጥልኝ ይልሃል።»

ዝይ የሚታደነው ዛፍም ቁጥቋጦም በሌለበት ባዶ ማሳ ላይ ነው። ብላይንድ የምንለው ሸራ የለበሰ ዝቅተኛ የብረት አልጋ ነው፤ አዳኙ ውስጡ ይጋደምና ክዳኑን በላዩ ዘግቶ ይደበቃል። ይህን ያስተማረኝ ገብረእግዚኣብሄር የሚባል ኤርትራዊ ወዳጄ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረን አድነን፣ አምና ልጁ ዘንድ ኤድመንተን ገባ። ብቻን ማሳ ላይ መጋደም ደስ አይልም፤ ቢሆንም ከበድሉ ጋር ከመጋደም ይሻለኛል ብዬ «አልሄድም» አልኳት።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ። «ትናንት ማታም ተንበርክከህ አይቼሃለሁ።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ታውቀኛለች። እሄዳለሁ አልኩ። በሆዴ ግን ቆረጥኩ፦ ያን ቀን ለምን እንዳልተነሳ በራሱ አፍ ካልነገረኝ ማሳው ላይ አልወስደውም፣ ነገራችንም እዚያው ያበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ከማርልቦሮ ሰፈር ብዙም የማይርቅ አንድ የአደን ዕቃ መደብር ተቀጣጠርን። ስደርስ በር ላይ የዕቃ ጋሪውን ተደግፎ ቆሞ ይጠብቀኛል። አሁን ነው መቆም የመጣለት አልኩ በልቤ።

«ጋሼ፣ ስለመጡልኝ ቴንክ ዩ» አለኝ።

«የቱ ጋ ነው ዕቃው?» ብዬ ቀድሜው ገባሁ።

ወለሉ ላይ ሦስት ብላይንዶች ተዘርግተዋል። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ማስተማር ጀመርኩ። «ይሄኛው ሰፊ ነው፤ ወፍራም ጃኬት ለብሰህ ትገባበታለህ። ግን ይከብዳል፣ ከመኪናው እስከ ማሳው መሀል ደግሞ ተሸካሚው አንተ ነህ። ያኛው ቀላል ነው፤ ብረቱ ስስ ስለሆነ ንፋስ ያጣምመዋል። ይሄ ሦስተኛው ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው፣ ጥላ አይጥልም። ዝይ ከላይ ሆና መጀመሪያ የምታየው ጥላህን ነው። ዙሪያውን ገለባ የሚሰካበት ማሰሪያ አለልህ። ከኤርድሪ ወዲያ የምሄድበት ማሳ የገብስ ነው፤ ገለባውን ከሰካህበት ፖሊስም አያገኝህ።»

አልሳቀም። «የጀርባ መደገፊያው ምን ያህል ቀና ይላል?» አለኝ።

ስለ ክብደቱ አልጠየቀኝም፣ ስለ ዋጋው አልጠየቀኝም። ሦስቱም ጋ ጎንበስ ሳይል ቆሞ ያንኑ ጥያቄ ደጋገመ። በመጨረሻ «ሰፊው ይሻለኛል፣ ጀርባው ቀና ይላል» አለ።

«እሱ እንደ ጉብታ የቆመ ነው። ዝዮቹ ከነልጆቻቸው ያዩሃል!» ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሏል። «ዝቅተኛው ውስጥ ግባና ልይህ።»

አመነታ። ከዚያ አንድ ጉልበቱን አስቀደመ፣ እጁን አስከተለ፣ በጎኑ ዞሮ ቀስ ብሎ ተጋደመ። ምን ያንቀራፍፈዋል ብዬ ክዳኑን ዘጋሁበት።

«እንግዲህ ዝዮቹ እየወረዱ ነው» አልኩ። «አሁን ስልህ ክዳኑን በክንድህ ገፍተህ ባንዴ ቁጭ ትላለህ።»

«ቁጭ?» አለ ከውስጥ።

«ታዲያ ተኝተህ ልትተኩስ ነው? ተዘጋጅ። አሁን!»

ክዳኑ ትንሽ ተነቃነቀና ተመለሰ።

«አሁን አልኩህ እኮ!»

ከሸራው ሥር ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። ክዳኑን ስከፍተው ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩን ነክሷል፤ ሁለት እጁ የብረቱን ጠርዝ ጨብጧል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ትንሽ ቆይቼ ልነሳ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ወገቤ ነው። መጋቢት ላይ የምሠራበት ዌርሃውስ ሳጥን ሳነሳ ቀጭ አለ። ሪፖርት አላደረግኩም፤ ፕሮቤሽን ላይ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ፣ እንዲያውም እስከ ጥቅምት ነው። ከቸርች ሦስት ሰዎች እዚያው ሺፍት ላይ አሉ፣ ለአንድ ሰው ከነገርኩ ሱፐርቫይዘሬ ጋ ይደርሳል። ጠዋት ከአልጋ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያን ዕለት ልነሳልዎ ሞክሬ ነበር። ይዤው የምነሳው ጠረጴዛ ራቀኝ።»

አፈርኩ። አምስት ወር ሙሉ ስረግመው የከረምኩት ሰውዬ እግሬ ሥር ወድቆ፣ አሁንም ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው።

«ታዲያ አደን ምን አማረህ፣ አንተ ሞኝ?» አልኩት።

«ስልክ አላነሳ አሉኝ። ዝይ አደን ተጋድሞ ነው ሲባል ሰማሁ። ለኔ የሚሆን ነገር እሱ ነው፣ አጠገብዎ ተጋድሜ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ ብዬ...» ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። «መነሳት እንዳለበት አላወቅኩም።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ያ የተረገመ ጉልበቴ እየጮኸ መሬት ላይ ተንበረከክኩ፣ ክንዴን በብብቱ ሥር አስገባሁ። «ወደኔ ዙር። ቀስ። እኔም ብነሳ አይደል አንተን የማነሳህ።» ሻጯ ከሩቅ አይታ «ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» ስትል «ቴስቲንግ!» አልኳት። እሱ በእኔ ትከሻ፣ እኔ በጋሪው ብረት ተደግፈን ስንቆም ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

ሦስቱንም ብላይንዶች እዚያው ትተን፣ የማሳ አጥር ጥግ የሚቆም፣ ውስጡ ወንበር የሚገባ መጋረጃ መሳይ መደበቂያ ገዛን። አጥር ጥግ የሚመጣው ዝይ ትንሽ ነው። ይሁን፣ ምን ያደርግልኛል ብዙ ዝይ? እኔ እሸከመዋለሁ አልኩት። ማክሰኞ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይዤው ልሄድ፣ ከብርቅነሽ በቀር ለማንም ላልናገር ተስማማን።

በማግስቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ሻይ አዳራሹ ስገባ ሰዉ እንደ ልማዱ ብድግ ብድግ አለ። በድሉ መጨረሻው ጠረጴዛ ጋ ነበር። ዛሬስ ጠረጴዛውን ጠጋ አድርጎት ተቀምጧል። አየኝና ጠርዙን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ፊቱ ሲጨማደድ ከበሩ ሆኜ ታየኝ። ዙሪያውን ያሉት ወደሱ መዞር ጀምረዋል።

«በድሉ!» ብዬ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ ጮህኩ። «ኧረ በእግዚአብሔር! ኧረ አትነሳብኝ!»

እጁ ጠረጴዛውን ለቀቀ። የሚያዩን ሁሉ ተነስቶ ያስቀመጥኩት መስሏቸው ወደ ሻያቸው ተመለሱ። በሰዉ መሀል አልፌ ሄድኩና፣ ጎንበስ ብዬ ትከሻውን ስሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ።