ስልሳ ሦስት ኮሌታ

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ሙሉጌጥ የጎረቤታቸውን የሮማንን ወንፊት በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ሊዋሱ ተነሡ። ቤታቸው ወንፊት ጠፍቶ አይደለም። ሁለት አላቸው፤ አንዱ እንዲያውም ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ጣጣው ከግድግዳው ነው። መናኸሪያ አካባቢ እንዳለ የኪራይ ግቢ ሁሉ የእሳቸውንና የሮማንን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ማዶ ከሰኞ ጀምሮ የስፌት መኪና ትንሽ ይንጣጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ሮማን "ኤጭ!" ትላለች፣ ጨርቅ ሲተረተር ይሰማል፣ ደግሞ እንደ አዲስ ይንጣጣል።

"አየለ፣ ይቺ ልጅ ግን ምንድን ነው የምትሰፋው?" አሉ ባላቸውን።

"ልብስ ነዋ።"

"የልብስ ድምፅ እንዲህ አይደለም። ልብስ ረዘም ይላል። ይሄ እኮ ጠጠጠ... ጠጠጠ... እያለ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚያደርገው።"

ጋሽ አየለ የሬዲዮናቸውን ድምፅ ከፍ አደረጉ። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ባለቤታቸው አንድ ነገር ማወቅ ካማራቸው መልሱ ሳይገኝ ምሳ እንደማይቀርብ ያውቃሉ።

ስለ ሮማን በግቢው የሚታወቀው ይህ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከቱላ የመጣች ናት። እናትና አባቷ ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ ወንድሟን ያቤጽን ያሳደገችው እሷ ናት። ሸሚዝ የሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ሠርታለች። ከዚያ ከወጣች ወዲህ ከልብስ ሰፊው ከጠሀ ያገለገለ የስፌት መኪና ገዝታ ለጎረቤት ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። ያቤጽ ደግሞ ፌቨን የምትባል የመሃል ከተማ ልጅ አግብቶ ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድ ልጅ ተወልዶለታል። የፌቨን እናት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የያቤጽ ወገን ሕፃኑን ለማየት ቀጠሮ ይዟል። የያቤጽ ወገን ማለት እንግዲህ ሮማን ናት። ሌላ ሰው የለም።

እትዬ ሙሉጌጥ በሩን አንኳኩተው፣ ይግቡ ሳይባሉ ገቡ። ወለሉ ላይ የጠሀ ሱቅ ብጣሽ ጨርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ተዘርግፏል፤ አበባ ያለው፣ መስመር ያለው፣ የሱሪ፣ የቀሚስ፣ የመጋረጃ።

"ወንፊቱን ፈልገው ነው?" አለች ሮማን ፈገግ ብላ።

"ወንፊቱን። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?"

ሮማን ስልኳን አወጣችና አንድ ቪዲዮ አሳየቻቸው። አንዲት ጠጉራቸው የነጣ ፈረንጅ ብጣሽ ጨርቅ በአራት ማዕዘን እየቆረጡ፣ አንዱን ካንዱ እየገጠሙ የሕፃን ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ሥራው ቀላል መሆኑን፣ ጀማሪም እንደሚችለው በየደቂቃው የሚናገሩ ይመስላል።

"ለያቤጽ ልጅ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ቤት የሱቅ ዕቃ ይዤ ብሄድ ምን ዋጋ አለው እትዬ? ከእኛ ወገን አንድ በእጅ የተሠራ ነገር ይድረሰው ብዬ ነው። አክስት አለችው እንዲባል።"

እትዬ ሙሉጌጥ ከብጣሹ አንዱን አነሡ፣ ሌላውን አነሡ፣ ከዚያ አፋቸው ከልባቸው ቀደመ።

"ውይ ልጄ! ድሪቶ ልታለብሺው ነው እንዴ?"

ራሳቸው ሳቁ። ሮማንም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። እትዬ ሙሉጌጥ ወንፊቱን ይዘው ወጡ።

ረቡዕ መኪናው ዝም አለ። ሐሙስም ዝም አለ። እትዬ ሙሉጌጥ ጠዋት ቡና ሲያፈሉ ጆሯቸው ግድግዳው ላይ ነበር። እኩለ ቀን ላይም እዚያው ነው። ጫጫታው ያሳጣቸው እንቅልፍ የለም፤ ዝምታው ግን ቁጭ ብድግ አደረጋቸው።

"ተኝታ ይሆናል" አሉ ጋሽ አየለ።

"አልተኛችም። እኔ ነኝ። ድሪቶ ብያታለሁ።"

"ምን አልሻት?"

"ድሪቶ! ለአራስ ቤት ስጦታ የምትሰፋውን ልጅ!"

ጋሽ አየለ ከሐይቁ ዳር ይዘውት የመጡትን ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አቀበሏቸው። እትዬ ሙሉጌጥ ደጅ ተቀምጠው የዓሣውን ቅርፊት መፋቅ ጀመሩ። አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን ሲያጋምሱ ቢላዋውን ጣሉት። እጃቸውን ለቅለቅ አድርገው ወንፊቱን አነሡ። ለመመለስ ነው እንግዲህ።

ሮማን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። መኪናው ተሸፍኗል።

"ይሄ አፌ አንድ ቀን ያስገርፈኛል" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ በሩ ላይ እንደቆሙ። "ቀልዴን ነው እኮ ሮሚዬ።"

"እርስዎ ስላሉት ብቻ አይደለም እትዬ። ይዩት እስቲ።" ከፌስታል ውስጥ አንድ ነገር አውጥታ ዘረጋችው። አራት ማዕዘኖቹ አንዱ ካንዱ ጋር አይገናኙም። ባንዱ በኩል ስንዝር ያህል ይረዝማል፣ መሃሉ ደግሞ እንደ ጉብታ ተነሥቷል። "እውነትም ድሪቶ ነው። ፎጣ ገዝቼ እሄዳለሁ፤ በቃ።"

እትዬ ሙሉጌጥ ከንፈራቸውን ነከሱ። መንከስ ግን ጥያቄን አያስቆምም።

"አራት ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ሠርተሽ፣ አራት ማዕዘን እንዴት ያቅትሻል?"

"አራት ዓመት የሰፋሁት ኮሌታ ብቻ ነዋ!" አለች ሮማን። "የሚቆርጠው ሌላ፣ እጅጌ የሚገጥመው ሌላ፣ ቁልፍ የሚተክለው ሌላ። ለእኔ ተቆርጦ ይመጣል፤ እሰፋና ለሚቀጥለው አሳልፋለሁ። አንድ ሸሚዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፍቼ አላውቅም። መቁረጥ የሚባል ነገር የጀመርኩት ሰኞ ነው።"

"በቀን ስንት ኮሌታ ትሰፊያለሽ?"

"ስድስት መቶ። ሲቀናኝ ሰባት መቶ።"

"ወይ ጉድ! የስንቱ ፈረንጅ አንገት በእጅሽ አልፏል!" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ቆይ፣ ኮሌታ ግን እንዴት ነው የሚሰፋው? ዕድሜ ልኬን አጥቤዋለሁ፤ እንዴት እንደሚሰፋ ግን ጠይቄ አላውቅም። እስቲ አሳዪኝ።"

ሮማን ሳትወድ መኪናውን ገለጠች። ሁለት ብጣሽ ፊት ለፊት አጋጠመች። መኪናው ያን ጉንፋኑን ትቶ ጥርርርር ብሎ ባንድ ትንፋሽ ዞረ። ትርፉን በመቀስ ከረከመች፣ ገለበጠችው፣ ጫፉን በእርሳስ ገፋ ገፋ አድርጋ አወጣችው፣ በካውያ ተጫነችው። ደቂቃም አልፈጀባትም። አንድም ክር የማይታይበት ልቅም ያለ ኮሌታ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

እትዬ ሙሉጌጥ አንሥተው አገላበጡት። "ክሩ የት ገባ?"

"ውስጥ ነዋ። ኮሌታ የተቆረጠው ጥሬ ጫፉ ከታየ ተቆጣጣሪዋ ትመልሰዋለች።"

"ሌላ እስቲ።"

ሌላ ሰፋች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። እትዬ ሙሉጌጥ እንደ ካርታ ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ ይደረድሩ ጀመር፤ መጀመሪያ ጎን ለጎን፣ ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብ አድርገው። በዚህ መሃል ክንዳቸው ላይ ተለጥፎ የቀረ የዓሣ ቅርፊት ዓይናቸው ገባ። ቅርፊቱን አዩ። ኮሌታዎቹን አዩ።

"ሮሚ። ይሄ ነገር ቆሮሶ አይመስልም?"

ሮማን ዘንበል ብላ ተመለከተች። ከዚያ ተነሥታ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ አመጣች፣ ጨርቁ ላይ ደፍታ ግማሹን በጠመኔ አሰመረች።

"ጫፉን ከማሾል ላጉብጠው። የሴቶች ሸሚዝ እንደዚህ ክብ ኮሌታ አለው፤ አንድ ዓመት ሙሉ እሱን ነው የሰፋሁት።" እያወራች ስትሄድ ድምፅዋ ፈጠነ። "አንሶላ ላይ ከታች ወደ ላይ እንደ ጣራ ክዳን እየደረደርኩ ብሰፋው፣ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ጥሬ ጫፍ ይሸፍነዋል። እትዬ፣ ማዕዘን የለውም እኮ! የሚገናኝ ማዕዘን የለውም!"

"እኔ ምን አልኩ?" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ፤ ምንም ሳይሉ።

ዓርብና ቅዳሜ የሮማን ክፍል ፋብሪካ ሆነ። እትዬ ሙሉጌጥ በማስቀመጫው እያሰመሩ ቆረጡ። ሮማን ሰፋች። ጋሽ አየለ "አንድ ደቂቃ ልይ" ብለው ገብተው እዚያው ቀሩና ኮሌታ የሚገለብጡት እሳቸው ሆኑ፤ አፋቸውን ከፍተው፣ ምላሳቸውን ጥግ ላይ አድርገው በእርሳስ ይገፋሉ።

"ለዓይኑ ቁልፍ እንትከልለት" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ።

"ሕፃኑ ነቅሎ ይውጠው? ቁልፍ የለም።"

"ዓይን የሌለው ዓሣ?"

"መቼ ዓሣ ነው አልኩ! እርስዎ ነዎት ዓሣ ያደረጉት።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሮማን ረድፉን በጣቷ እየነካች በአገሯ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ቆጠረች፤ "ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ..." በየረድፉ ሰባት፣ ዘጠኝ ረድፍ። ስልሳ ሁለት ላይ ቆመች። አንድ ጎደለ። ለአንድ ኮሌታ እንኳ የማይበቃ ክር ክሩ ብቻ ከረጢቱ ውስጥ ቀርቷል።

ሮማን ትንሽ አሰበች። ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ስባ አንድ የተማሪ ሸሚዝ አወጣች፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ የእስክሪብቶ ቀለም የጠጣ።

"የያቤጽ ነው። ያኔ ሌላ ሸሚዝ አልነበረውም። ኮሌታው ሲያልቅ ፈትቼ በሌላው ፊት ገለበጥኩለት፤ ያ ደግሞ አለቀ። መርፌ የያዝኩት በሱ ምክንያት ነው።" ማስቀመጫውን ጀርባው ላይ፣ ልክ ቀለሙ ያለበት ላይ ደፋችው።

"ቀለሙን ሽሺው እንጂ" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ።

"አልሸሸውም።"

እሑድ ሦስቱም መሃል ከተማ ሄዱ። እትዬ ሙሉጌጥን ማንም አልጋበዛቸውም፤ ይህ ግን የሚያስቀራቸው ነገር አይደለም። ባጃጅ ውስጥ ሆነው ለራሳቸው ቃል ገቡ፤ ዛሬ እስከምንወጣ ድረስ አፌን አልከፍትም።

"እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ" ተባለ፣ ገንፎ ተበላ። አልጋው ራስጌ ላይ ላስቲካቸው ያልተፈታ አራት የሱቅ ብርድ ልብሶች ተከምረዋል። ሮማን ፌስታሏን ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሰጠች።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ፊቱን አላዩም። ጨርቅ ነጋዴ ናቸውና መጀመሪያ ገለበጡት። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ጠርዙን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ሳብ አደረጉ። እትዬ ሙሉጌጥ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ሳወጣው" አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ "ድሪቶ መስሎኝ ነበር።"

ሮማን ወለሉን አየች።

"ድሪቶ ግን ጀርባው ያሳብቃል። ይሄን ሁሉ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ ስፌት አውቃለሁ፤ አንድ ክር እንኳ ባገኝ ብዬ ፈልጌ አጣሁ።" ቀና አሉ። "የት ተማርሽው?"

"ፋብሪካ። ኮሌታ ነው እትዬ። ስልሳ ሦስት ኮሌታ።"

"ኮሌታ?" ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አንዱን በጣታቸው ገልጠው ሥሩን አዩ። ሌላ ኮሌታ። እሱንም ገለጡ። "ፌቨን፣ ነይ እዪ እስቲ!" ፌቨን መጥታ አንዱን ገለጠች። ያቤጽም አጎንብሶ ከላይኛው ረድፍ አንዱን ያዘ፣ ሊገልጠው ሲል ቆመ።

"ይሄ..." አለ። "ይሄ ቀለም የሒሳብ ፈተና ቀን የፈሰሰብኝ ነው።"

"አዎ" አለች ሮማን።

"አልወጣ ሲልሽ እያጠብሽ አልቅሰሻል።"

"አንተ ነህ ያለቀስከው!"

"እሺ፣ ሁለታችንም።" ያቤጽ ሰማያዊውን ኮሌታ በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ቀረ።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሕፃኑ ላይ የነበረውን የሱቅ ብርድ ልብስ አነሡና የሮማንን አለበሱት። "እንዲህ ያለ ነገር ሱቄ ገብቶ አያውቅም። ለመሆኑ ምን ይባላል?"

ሮማን ስም አላሰበችም ነበር። ዞር ብላ እትዬ ሙሉጌጥን አየቻቸው። ሁሉም ዞረው አዩአቸው። እትዬ ሙሉጌጥ ጭንቅ ያዛቸው። ማክሰኞ ዕለት ስም አውጥተው ያደረጉትን ያውቃሉ። እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ቀስ ብለው አነሡ።

"ቆሮሶ" አሉ።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ብርድ ልብሱን አዩ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ደግመው አዩ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሕፃኑ በሳቁ ደንግጦ አንዱን ቅርፊት በእጁ ጨበጠ፤ ሲያባብሉትም አልለቀቀም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሙሉጌጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ከግድግዳው ማዶ መኪናው ተነሣ። ጥርርርር አላለም። ጠጠጠም አላለም። ረዥም፣ እየዞረ የሚሄድ፣ ከዚህ ቀደም ያልሰሙት ድምፅ ነው።

"አየለ፣ ሰማህ?"

"አልሰማሁም" አሉ ጋሽ አየለ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ እየጨመሩ።

እትዬ ሙሉጌጥ ቢላዋውን አስቀምጠው፣ ወንፊት ሊዋሱ ወጡ።