የጋሽ ሞገዱ ጆሮ

ይልቃል ለሥራ ወደ አሰብ ሲወርድ ልጁ ባዩሽ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። የዓመት ፈቃዱ "ለከርሞ" እየተባለ ይኸው ስምንት ሞላት፤ መልኩንም ረስታዋለች። ደሴ ከእናቷ ጋር ሆና፣ ጋሽ ሞገዱ የሚባል ከራሷ የፈጠረችውን መርከበኛ በባለቀለም እርሳስ እየሳለች በከባድ መኪና ሾፌሮች እጅ ትልክለታለች። ከሥሩ "ምን ይጎድለዋል?" ብላ ትጽፋለች።

ይልቃል የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ቧንቧ ሠራተኛ እንጂ ሰዓሊ አይደለም። ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነለትም።

"ገመድ የሚጎትት ሰው እጁ እንዲህ አይለሰልስም፤ አወፍሪው" ብሎ ላከ። በሚቀጥለው "የአሰብ ፀሐይ ዓይን አያስገልጥም፤ ዓይኑን አጥብቢው" አለ። ቀጥሎ ደግሞ "ቡናማውን ደጋግመሽ ቀቢው፤ ፀጉሩም ከግንባሩ ሸሸት ይበል" አላት። ልጅቷ እሱ ያላትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አረመች።

አራተኛው ሥዕል የደረሰው ሥራ ቦታ ነው። "ሁሉም አምሯል፤ ጆሮው ግን ተልቋል" ብሎ መጻፍ ሲጀምር፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው ኻዲጃ ከኋላው ቆማ አየችና ሳቀች።

"ጓድ ይልቃል፣ ማነው እንዲህ አሳምሮ የሳለህ?"

"እኔ አይደለሁም። የልጄ መርከበኛ ነው" አላት ቆጣ ብሎ።

ኻዲጃ የእሱን የራሱን ጆሮ አየት አደረገች። የይልቃል እጅ ሳያስበው ወደ ጆሮው ሄደ። ስለ ጆሮ ለልጁ አንድም ቀን ጽፎላት አያውቅም።

ወረቀቱን ገለበጠው። ከጀርባው በአረንጓዴ እርሳስ እንዲህ ይላል፦

"አባዬ፣ ጆሮውን እማዬ ናት የነገረችኝ።"