ደጃፉ ይወቅሽ

መስኡዳ ከጅዳ ተመልሳ ሐይቅ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ፣ አብረዋት የሚማሩት ልጆች እሷ ስትሄድ አፍ ያልፈቱ ነበሩ። በዕድሜዋ አፍራ ዩኒፎርሟን በረጅም ካፖርት ትሸፍናለች። ታዲያ የበሩ ዘበኛ ጋሽ ዝናው ዛሬም አስቆማት።

«ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ነው?»

የዛሬን ተምራ ልትተው ቆረጠች።

የአማርኛው መምህር እንየው አራት ስንኝ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በመረዋ ድምፁ አነበበ፦

ሐይቁ እንደ እናትሽ ደጅ ቆሞ ይጠብቅሽ፣
ጋራው ክንዱን ዘርግቶ ከብርድ ይሸሽግሽ፣
መንገዱ አይሰልችሽ ጨረቃ ታጫውትሽ፣
ሄደሽ ስትመለሽ ደጃፉ ይወቅሽ።

«አሚን!» አለች መስኡዳ፣ ሳታስበው።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወሎ ተወልዶ ምርቃት ሰምቶ ዝም የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ግን ትምህርት ቤት ነው፤ እሷም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

እንየው አልሳቀም። «የትኛው ስንኝ ነው አሚን ያሰኘሽ?»

«የመጨረሻው፣ ቲቸር።»

«ምኑ?»

ተነሳች። «ደጃፍ ዓይን የለው፣ ሰው አያውቅ። ግጥሙ ግን ሰው አደረገው። ሐይቁንም እንደ እናት ደጅ አቆመው፣ ለጋራው ክንድ አበጀለት።» ከሰሌዳው ወደ እንየው ዞረች። «እኔ ስመለስ አሮጌው ቤታችን ፈርሶ፣ እኔው በላክሁት ብር አዲስ ቤት ተሠርቶ ጠበቀኝ። ወላሂ ያማረ ቤት ነው። ግን እናቴ ቁማ የመረቀችኝ ደጃፍ የለም። የት ቁሜ መጣሁ ልበል?»

ቅድም የሳቁት ሁሉ አቀረቀሩ። እንዲህ ያለ ጆሮ መታደል ነው፤ ስንቱ ግጥም ሲሸመድድ ኖሮ አንዲት ስንኝ ልቡ ሳትገባ ይቀራል!

እንየው ጠመኔውን አስቀመጠ። ደስታው ከፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። «እንደ እናትሽ ያለው ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ የሚያውቀው ደጃፍ ደግሞ ሰውኛ ዘይቤ። ስማቸውን እኔ ነገርኋችሁ፤ ግጥሙን ግን መስኡዳ አሳየችን።»

በማግስቱ ብርድ ነበር። መስኡዳ ግን ካፖርቱን ቤት ትታው መጣች። ጋሽ ዝናው እንደ ልማዱ ሊያስቆማት ብድግ ሲል ቀደመችው።

«ተማሪ ነኝ ጋሼ። መስኡዳ እባላለሁ።»

ዩኒፎርሟን አየና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት።

«አብሽሪ፣ ግቢ» አላት። «ከእንግዲህ አውቅሻለሁ።»