ግብር የማይቆረጥበት

እና ሥራ ላጣ ከሚሰጡት ገንዘብም ላይ ግብር ከቆረጡ ምን ሊተርፋት ነው፣ ካሳነሽ እሑድ ከጸሎት ሲወጡ ምን አለቻት፣ እዚህ ሰው አገር ሞተሽም ይቆርጡብሻል አለቻት፣ ሳቀች ደግሞ፣ ባሏ ሥራ ያለው ሴት ትስቃለች፣ ዕፀገነት ግን ኪራይ አለባት። ወንበር። የፊተኛዋ ተነሳች፣ የሠራተኛ ቢሮው ሰልፍ በወንበር ነው፣ ሁሉም አንድ አንድ ይንሸራተታል፣ እሷም የማታውቀው ሰው ያሞቀው ፕላስቲክ ላይ ትቀመጣለች፣ ትጠላዋለች ይህን ሙቀት።

አሠሪዋ፣ የጸሎቱ ሽማግሌ ጋሽ ሀቢሶ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ያለውን የብርድ ልብስ ማከፋፈያ ሲዘጉ፣ ልጄ እግዚአብሔር ሌላ በር ይከፍታል ነው ያሏት፣ ይክፈት፣ እስከዚያ ግን በየወሩ ከደመወዟ ሲቆርጡ፣ ይሄ ለግብር፣ ይሄ ደግሞ ሥራ ብታጪ መንግሥት የሚሰጥሽ ነው ይሏት አልነበር፣ ይኸው አጣች፣ ይስጣት። ወረቀቷ ሙሉ ነው። የመኖሪያ ፍቃዷ አልተቃጠለም።

ሳውቦና ማማ፣ ብላ በአገሬው ቋንቋ ሰላም ትላለች መስኮቱ ጋ ስትደርስ፣ የምታስተናግደው ሹራብ ኮፍያ ያደረገች ትልቅ ሴት ናት፣ ዕፀገነት ሌላውን ሁሉ ትታ መጀመሪያ ግብሩን ትጠይቃለች፣ ከዚህ ላይ ስንት ትቆርጣላችሁ፣ ሴትዮዋ ትስቃለች፣ ምንም፣ ሲሲ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ በዚህ ገንዘብ ላይ ግብር የለም። የለም! ካሳነሽ ትስማ፣ ኪራዩ፣ ዘይቱ፣ ለእህቷ ለፊቤ ጫማ፣ በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ይሞላላታል፣ ከዚያ የሴትዮዋ ሳቅ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል፣ ቁጥርሽን ድገሚልኝ፣ ትደግማለች፣ አሁንም ድገሚልኝ። ስምሽ የለም። እንዴት የለም፣ አሠሪሽ አንድም ቀን አላስመዘገበሽም፣ ይቆርጥብሽ ነበር? ይቆርጡ ነበር። ማነው ስሙ፣ ተቆጣጣሪ እንልክበታለን፣ ሱቆቹን ሁሉ ነው የሚያየው።

ሱቆቹን ሁሉ።

ጻካኔ ሰፈር ባለው የጋሽ ሀቢሶ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ አሁን ፊቤ ቆማ ዳቦ እየሸጠች ነው፣ ፊቤ ወረቀት የላትም፣ አምላኬ፣ ስሙን ትተወው ይሆን፣ ተነስታ ትሂድ ይሆን፣ እናቷ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን አብረዋት የተቀመጡት ጋሽ ሀቢሶ አይደሉም እንዴ፣ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው ሲጸልዩላት፣ የሽማግሌ እጅ፣ ከባድ፣ ሞቃት፣ ያው እጅ ነው የሚቆርጠው፣ በሌሎቹ ሱቆቻቸው በሚሠሩት በእነ ሙሉቀን ላይ ዛሬም እየቆረጠ ነው፣ ወገኗን ለፈረንጅ ሕግ አሳልፋ ሰጠች ይሏታል፣ ይበሉ፣ አይበሉ፣ ሲሲ ሰልፍ አለ እኮ፣ ትላለች ሴትዮዋ፣ አንድ ደቂቃ ማማ፣ እባክሽ።

ግድግዳው ጥግ ሄዳ ለፊቤ ትደውላለች።

እቴ ደንበኛ ይዣለሁ። ሸኚውና ውጪ። ወዴት? ካሳነሽ ጋ፣ ቦርሳሽን ያዢ፣ እንዳትመለሺ። ምን ሆነሻል፣ ታመሻል? ደህና ነኝ፣ አሁን ውጪልኝ በሞቴ።

ሥራዬስ? ትላለች ፊቤ።

ይህን አላሰበችውም። ከሁለቱ ሥራ የፈታችው አንዷ ብቻ ነበረች፣ አሁን በገዛ አፏ ሁለቱንም፣ እኔ አለሁልሽ ትላለች፣ ምን ይዛ ነው ያለችው፣ ምኗን፣ ብቻ ብላዋለች፣ ስልኩ ተዘግቷል፣ ትቆማለች፣ ትንቆራጠጣለች፣ ወንበሮቹ ይንሸራተታሉ፣ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ታስተናግዳለች፣ ሌላ ደግሞ፣ ብትያዝስ፣ እምቢ ብላ እዚያው ብትቀርስ፣ በመጨረሻ ስልኩ ይጮኻል፣ የፊቤ መልእክት ነው፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ተናድጄብሻለሁ። ትናደድ። ትናደድ እህቴ።

መስኮቱ ጋ ትመለሳለች። ሀቢሶ፣ ትላለች፣ ሴትዮዋ መጻፍ ያቅታታል፣ ዘመድሽ ነው? አይደለም፣ አብረን ነው የምንጸልየው፣ ሴትዮዋ ቀና ብላ ታያታለች፣ ዕፀገነትም ፊደል በፊደል ትቆጥርላታለች፣ ኤች፣ ኤ፣ ቢ፣ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ይወጣል፣ ሰልፉ ሁሉ ይሰማታል፣ ይስማ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኦ።